ታክሲ ውስጥ የተፈታው ወረፋ

ይህ የሆነው ዘንድሮ፣ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ነው። ባስታወስኩት ቁጥር ልቤ አሁንም ይዘላል።

የኮምፒውተር ክበባችን አዲስ አባላት የሚመዘገቡበትን ድረ ገጽ እንድሠራ ፈቀደልኝ። ኖድ ጄኤስ በሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ሠራሁት። ብቻዬን ስሞክረው ይበር ነበር። ሊመዘገብ የመጣው ክፍል በሙሉ በአንድ ጊዜ የይለፍ ቃል ሲያስገባ ግን ገጹ ሲሽከረከር ቆይቶ አብዛኛውን ሰው ሳያስገባ ቀረ። የክበቡ ሰብሳቢ ናትናኤል፣ «አይዞሽ፤ ግን ነገ ጠዋት ካልሠራ በወረቀት እንመዘግባለን» አለኝ። እንባዬ መጣ።

ወደ ቤቴ ለመሄድ ኢምፔሪያል ላይ የሰሚት ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ለግንባታ ተቆፋፍሮ ስለነበር ንቅንቅ አላልንም። ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ከፈትኩ።

«እህት፣ ቢሮ ከፈትሽ እንዴ? ኪራይ አለው!» አለኝ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሳቀ።

አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ግን ኮዱን እያየች ነበር። «ይቅርታ እህቴ፣ ምን ሆኖብሽ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ለካ ባንክ ውስጥ ፕሮግራመር ናት!

«ትሬድ ፑሉን ስንት አደረግሽው?»

ስሙንም ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«የይለፍ ቃልን መስጥሮ ማመሳከር ከባድ ሥራ ነው» አለችኝ። «ኖድ እንዲህ ላለው ሥራ ካልነገርሽው በቀር ከጀርባ አራት ሠራተኛ ብቻ ነው የሚያሰማራው፤ ትሬድ ፑል የሚባለው እሱ ነው። የቀረው ሁሉ ወረፋ ይጠብቃል።»

«መቶ ላድርገዋ!»

«ኧረ ቀስ! ሰርቨራችሁ ስንት ኮር አለው?»

«ስምንት።»

«ኮሩን እንደ ምድጃ ቁጠሪው፤ ስምንት ምድጃ ላለው ምግብ ቤት መቶ አብሳይ ይቀጠራል? ስምንት አድርጊው። ደግሞ ፕሮግራሙን ከማስነሳትሽ በፊት፤ ሥራ ከጀመረ በኋላ አይሰማሽም።»

እሷ ስታስረዳ እኔ ስጠይቅ፣ ለካ መንገዱ ተከፍቶ ሰሚት ደርሰን ታክሲው ባዶ ሆኗል። «ቢሮው ተዘግቷል፣ ውረዱ!» አለ ረዳቱ።

«ወይኔ! መውረጃዬ ጎሮ ነበር እኮ!» ብላ እየሳቀች ወደ መመለሻው ታክሲ ሮጠች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ እንዳለችኝ አደረግኩ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ገባ። ገጹ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ከየወንበሩ «ገባሁ!» «እኔም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ናትናኤል የያዘውን ወረቀት ወደ ቦርሳው መለሰ። እኔ ጮህኩ።

አሁን የሰሚት ታክሲ ውስጥ በገባሁ ቁጥር የተሳፋሪውን ፊት አያለሁ። እስካሁን አላገኘኋትም። ጎሮ መውረድ ረስተሽ እስከ ሰሚት አብረሽኝ የሄድሽው እህቴ፣ ምናልባት ይህን ካነበብሽው፦ ሠርቷል!