እጄ ጆሮዬን ያልነካ ዕለት

ልጄ ሰኞ መዋዕለ ሕፃናት ይጀምራል። ዛሬ ከሰዓት አዲሱን ቦርሳውን አዝሎ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲመላለስ ዚፑን ልዘጋለት ጎንበስ ስል፣ ያ የአዲስ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ፣ ሳላስበው የልጅነቴ አቃቂ፣ ጋሽ ሱሩር ሱቅ ገባሁ፤ የላስቲክ ጫማ ከጣሪያው በተንጠለጠለበት፣ ብስኩቱ ሳይቀር ሳሙናና ላምባ በሚሸትበት በዚያ ጠባብ ሱቅ።

ጋሽ ሱሩር የስልጤ ሰው ነበሩ፤ ሱቃቸው ከግቢያችን አጥር ጋር የተያያዘ ነበር። እማዬ ብቻዋን የምታሳድገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኛ ነበረች። እሷ ሥራ ስትገባ የሚይዙኝ ጎረቤታችን እትዬ አለሚቱ ነበሩ፤ ያን ክረምት ግን፣ መስከረም ሲጠባ ሞጆ ያገባች ልጃቸውን ሊያርሱ መሄዳቸው ቁርጥ ሆነ። እኔ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ካልገባሁ እማዬ ሥራዋን መልቀቋ ነው። ይህን ግቢው ሁሉ ስለሚያውቅ፣ እኔን ለትምህርት ማብቃት የግቢው ሥራ ሆነ።

ለትምህርት መብቃት ማለት ደግሞ ለእነሱ ጆሮ ነበር። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን የነካ ልጅ ደርሷል፤ ያልነካ አልደረሰም፤ አለቀ። የእኔ እጅ ጆሮዬ ጋ ሊደርስ ቀርቶ አናቴንም በቅጡ አያልፍም። እትዬ አለሚቱ ጠዋት ጠዋት ትከሻዬን ቅቤ ቀብተው ያሹኛል፤ ልብስ ሊያሰጣ የወጣ፣ ውሃ ሊቀዳ የሚያልፍ ሁሉ እጄን ሳብ ሳያደርግ አይሄድም፤ ጋሽ ሱሩር በበኩላቸው የሳሙና ካርቶን ላይ አስቀምጠው ከረሜላ ከሩቅ ያሳዩኛል። እንደ ሹራብ እጅጌ የምለጠጥ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። በመጨረሻ ዘዴውን ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ እጄ ካልሄደ ጆሮዬ ይምጣ ብዬ አንገቴን ዘመም ሳደርግ ጫፉን ነካሁት። ግቢው በእልልታ ተናጋ።

የምዝገባው ቀን እማዬ ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣች፣ የጥጥ ብናኝ ፀጉሯ ላይ እንዳለ፣ ፊቴን ቫዝሊን ቀብታ ወሰደችኝ። መዝጋቢዋ መምህርት ገና ስሜን ሳትጠይቅ እጄን በአናቴ ላይ ወርውሬ፣ አንገቴን አዘምሜ፣ ጆሮዬን ጨበጥኩ።

«ውይ፣ ይቺማ ደርሳለች!» አለች መምህርቷ። «እኛ የምንይዘው እጁ ያልደረሰውን ነው። አንደኛ ክፍል ውሰጂያት።»

እማዬ ክው አለች። አንደኛ ክፍል ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ትልልቅ ልጆች መሃል፣ ያውም ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

«ኧረ በማርያም! ገና አራት ዓመቷ ነው! አሠልጥነናት ነው እንጂ!»

ቀጥሎ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬ ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን አልቅሻለሁ። እማዬ አገጬን ይዛ አንገቴን ቀጥ አደረገችና እንድነካ አዘዘችኝ። ተንጠራራሁ፤ በእግር ጣቶቼ ቆምኩ፤ የክረምቱ ቅቤና ከረሜላ ሁሉ ገደል እየገባ መሰለኝ። እጄ አናቴ ላይ ቀረ። «ጎበዝ የኔ እናት! እንዳትነኪ!» እያለች እማዬ ታበረታታኛለች። መምህርቷ ዓይኗን እስክትጠርግ ስቃ መዘገበችኝ። እማዬም አቅፋኝ ያን አጭር እጄን ደጋግማ ሳመችው። ባልቻልኩት ነገር የተሳምኩት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ስንመለስ ጋሽ ሱሩር ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል።

«እህስ፣ ነካች?»

«አልነካችም ጋሼ! እንኳን ደስ ያለን!»

ነገሩ ሳይገባቸው ከረሜላ አፈሱልኝ። ትምህርት የጀመርኩ ዕለት ግቢው በሙሉ ወጥቶ ሸኘኝ፤ እትዬ አለሚቱም ለዚሁ ሲሉ የሞጆ መንገዳቸውን አንድ ቀን አዘገዩ።

ያ ግቢ ፈርሷል፤ እማዬም ጋሽ ሱሩርም አልፈዋል። ልጄን ያዘጋጀነው እኔና አባቱ ብቻ ነን፤ ከሚኒባስ ሰልፍ በተረፈን ጉልበት። ቀለማት ለይቷል፣ በእንግሊዝኛ ይቆጥራል፣ ስልክ ቁጥሬን በቃሉ ይወጣል፤ ከእኔ በብዙ ይሻላል። ቅድም የደንብ ልብሱን ለብሶ «ለማን ላሳይ?» አለኝ። ልቤ ተነካና ፊት ለፊታችን ለምትኖረው ሴት እናሳያት ብዬ ይዤው ወጣሁ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፈገግ የምትል ደህና ሴት ናት። በሯ ጋ ደርሼ ልጣራ አፌን ስከፍት፣ ለካ ስሟን አላውቀውም።

«እማዬ፣ የለችም እንዴ?» አለኝ ልጄ።

«የለችም» አልኩት።