ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ይውደም!

አብዮቱ ኩባ ድረስ ልኮ ያስተማረኝ ጥንዚዛን ከጥንዚዛ መለየት ነው። ቀልድ አይደለም። ጎን ለጎን ካሉ ትናንሽ ደሴቶች የተለቀሙ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛዎችን ፊታችን ይደረድሩልናል፤ ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም ነጥብ በነጥብ። የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። ነጥባቸውን ቆጥሬ ልለያቸው ስል መምህሬ ሳቁብኝ። የወንዱን ሆድ ከፍተህ ብልቱን በማይክሮስኮፕ ካላየህ አትለያቸውም አሉኝ። እኔም ያን ሁሉ የባሕር ዳርቻ ትቼ ወጣትነቴን የጥንዚዛ ብልት ሳይ ጨረስኩት።

ስመለስ አንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ሰጠኝ፤ ሥራ ግን አልሰጠኝም። ጥንዚዛ ያገኘሁት ሠፈሬ ውስጥ ነው፤ ከቦሌ ሚካኤል በታች፣ ቀበሌው ለየቤቱ ቆራርሶ ባደለው የወንዝ ዳር መሬት ላይ። እናቴ እዚያ ጎመን ነበራት። ጎመኑ ለወንድሜ ነው። ወንድሜ ታስሮ ነበር፤ ጥፋቱም የአክስታችን ልጅ ጫካ መግባቱ ነው። እናቴ ሽሮ ብቻ እየበላ እንዴት ይሆናል እያለች በየሳምንቱ ከዚያች መሬት እየቀነጠሰች ስንቁን ታመላልሳለች።

በዚያ ዓመት ጎመኑን ክሽክሽ ያዘው፤ ቅጠሉን እየመጠጠ የሚያጨማድደው ደቃቅ ተባይ። ደግነቱ የሚያብረቀርቁት ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛዎች ደርሰው ክሽክሹን ይለቅሙላት ጀመር። እናቴ «ዘበኞቼ» ትላቸዋለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ዱባ ላይ ግን ሌሎቹ ባለ ነጠብጣቦች ሰፍረዋል፤ ደብዛዛ፣ ጠጉራም፣ ቅጠሉን ወንፊት የሚያደርጉት።

ሊቀመንበሩ ዱባው ሲበላበት ስብሰባ ጠራ። የቀረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ስለማያገኝ ሁላችንም ተገኘን። «ፀረ አትክልት» የሚባል ወንጀለኛ መኖሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጥንዚዛው በጠቅላላ ይፈጅ ሲባል ለእናቴ ጎመን ደንግጬ እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የጎመኑና የዱባው ይለያያሉ። የሚያብረቀርቀው ተባይ ነው የሚበላው። ቅጠል የሚበላው ጠጉራሙ ነው።»

«ዘመዳሞች ናቸው?»

«አዎ፣ ዘመዳሞች ናቸው።»

«እንግዲያው አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ያውቅ ነበር።»

«ጥንዚዛ ናቸው እኮ!»

«አንድ አለመሆናቸውን በምን ታረጋግጣለህ?»

የተማርኩትን ከሥር መሠረቱ ላስረዳ ብዬ ስለ ብልቱ ጀመርኩ። የሴቶች ማኅበር አባላት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አብዮቱ ባሕር አሻግሮ የላከህ ለዚህ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለዚህ ነበር።

ከዚያ «ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ይውደም!» ተባለ። አዳራሹ ግራ እጁን አንስቶ «ይውደም!» አለ። እናቴም አነሳች፤ የእስረኛ እናት እጅ ካልተነሳ ከሁሉ ቀድሞ ይታያል።

እሑድ ማለዳ ሠፈሩ ጣሳ ጣሳውን ይዞ ለዘመቻ ወጣ። የእናቴ ዘበኞች ሥራቸው ላይ ስለነበሩ አንድ በአንድ ተለቀሙ። ጠጉራሞቹ ከቅጠል ሥር እያደፈጡ አብዛኞቹ ተረፉ። ዱባውንም ጨረሱት፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ስብሰባ አልተጠራም። ዘበኛ ያጣው ጎመን ደግሞ ክሽክሽ ለብሶ ተኮማተረና የሚቀነጠስ ቅጠል ጠፋ። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

በሚቀጥለው የስንቅ ቀን ከእናቴ ጋር እስር ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። ይዞት የወጣው ወጣት ጠባቂ፣ «ልጅሽ ጎመኑስ ብሏል» አላት።

እናቴ ምሳ ዕቃዋን ተቀብላ፣ «ጎመኑም እንዳንተው በዘመድ ጦስ ሄደ በልልኝ» አለችው።

ጠባቂው እንዴት ብሎ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። አልጠየቀም፤ ለእሱ በቂ ምክንያት ስለነበረ እሺ ብሎ ገባ።