ኢንስፔክተር ፓይተንን የመረጠ ጊዜ

የእህቴን ባል ቤተሰቡ በሙሉ «ኢንስፔክተር» ነው የሚለው። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ እንኳ ወንበሩን ነቅነቅ ሳያደርግ አይቀመጥም። ዕድሜውን የፈጀው በሊፍት ጥገና ነው። ጡረታ ሲወጣ ዕቃ ቤቷን ጠረግ አድርጎ በትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች መጫወት ጀመረ፤ ሲሞላ የሚጮህ የውሃ በርሜል፣ በር ሲከፈት የሚበራ አምፖል፣ የመሳሰለውን። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሲ በሚባለው አስቸጋሪ የኮምፒውተር ቋንቋ ብቻ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ፓይተን የሚባለውን ቀለል ያለ ቋንቋ ስለማስተምር ባየኝ ቁጥር «የሕፃናት ቋንቋሽ እንዴት ነው?» እያለ ያበሽቀኛል።

ከዚያ እህቴን፣ እትዬን፣ ስትሮክ መታትና አንደበቷ ተዘጋ። ቀኝ እጇ ብቻ እንደምንም ይንቀሳቀሳል። ኢንስፔክተር ቁልፏ ሲነካ የምትናገር ሣጥን ልሠራላት ነው ብሎ ተነሣ። የእኔና የእትዬ ድምፅ በስልክ ስለማይለይ ቃላቱን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «አገላብጡኝ»።

ወራት አለፉ፣ ሣጥኗ አላለቀችም። ይጽፋል፣ ኮምፓይል አድርጎ ወደ ማሽን ቋንቋ ይተረጉማል፣ ቦርዱ ላይ ይጭናል፣ ይፈትሻል፣ አይጥመውም፣ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ሐኪሟ ደግሞ ሌላ ቀዶ ጥገና እንሞክር፣ ተስፋው ግን የመነመነ ነው ብሎ ነበር። ኢንስፔክተር የሰማው «እንሞክር» የሚለውን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ በፓይተን አድርገውና ገላግለን» አልኩት። «አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብለህ አንድ መስመር ስትጽፍ እዚያው ይመልስልሃል።»

«ፓይተን ቀርፋፋ ነው።»

«የእትዬ እጅ ከፓይተን ይፈጥናል እንዴ?»

ተቀየመኝ። ግን አንድ ቀን እትዬ ጣቷን ባላለቀችው ሣጥን ቁልፍ ላይ አሳርፋ ለመጫን ስትታገል አየ። ላፕቶፑን ተሸክሞ መጣና «በይ፣ ያንቺን አምጪው» አለኝ። ሳይመሽ ሣጥኗ ተናገረች።

እትዬ ሦስቱንም ቃላት አንድ በአንድ ሰማችና እጇን ሰበሰበች። ያን ሁሉ ጊዜ ሽቦ ስንፈትሽ ምን ማለት ትፈልጊያለሽ ብለን አልጠየቅናትም ነበር። አፈርኩ። ፊደሉን እየቆጠርኩላት የፈለገችው ላይ ስደርስ ጣቷን አነሣች። የወጣው ቃል «ዝም በሉ» ሆነ።

በሳቅ ሞትን። እዚያው ቀረጽኩት፣ ኢንስፔክተር አንድ መስመር ቀየረና «ውሃ» የነበረው ቁልፍ «ዝም በሉ» አለ። እትዬ ደጋግማ ተጫነችው። ከታመመች ወዲህ ኢንስፔክተርን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

«ሌላስ የኔ እመቤት?» አላት።

ቆጠርኩ። «ሆስፒታል» የሚል ወጣ።

«ይኸው!» ብሎ ብድግ አለ። «መታከም ትፈልጋለች አላልኩም?»

እትዬ «ዝም በሉ»ን ተጫነች። እኔም መቁጠሬን ቀጠልኩ። «ሆስፒታል አትውሰዱኝ።»

«ይሄንንስ አልቀርጽም» አልኩ።

ኢንስፔክተር ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። «ቅረጪው። ቃሉ የሷ ነው።»

ቀረጽኩት። ድምፄ እየተሰበረ ስንቴ እንደደገምኩት እንጃ። ወደ በረንዳ ስንወጣ ኢንስፔክተር ክንዴን ያዘኝ። «አንዲት መስመር እኮ ናት። ባጠፋት ማን ያውቅብኛል?»

በሲ ቢሆን ኖሮ ለማጥፋትም መከራ ነበር።

በማግስቱ ሐኪሟ ቤት መጣ። አልጋው ግርጌ ቆሞ «እንግዲህ የቀዶ ጥገናውን ቀን እንቁረጥ?» ሲል ኢንስፔክተር ሣጥኗን አንሥቶ ከእትዬ ጣት ሥር አደረገላት።

ተጫነች።

ሣጥኗ በእኔ ድምፅ «ሆስፒታል አትውሰዱኝ» አለች። ሐኪሙ ዞር ብሎ አፈጠጠብኝ። «ይህን የምትወስኚው አንቺ አይደለሽም» አለኝ።

«እሷ አይደለችም» አለ ኢንስፔክተር። «ሚስቴ ናት የተናገረችው።»

ሐኪሙ እትዬን ትንሽ አያትና መነጽሩን አውልቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሊያድናት የሞከረ ሰው የለም።