የሲሳይነሽ የባሕር ዓሣዎች

ሲሳይነሽ ከጅዳ ስትመለስ ልጇ ያምሮት «እንኳን ደህና ገቡ» ብላ ተቀበለቻት። ገና በአፏ ስትኮላተፍ ሽንዲ ለምትኖረው እህቷ ለዓባይነሽ ትታት የሄደችው ልጅ አሁን ቁመቷ ከናቷ በልጧል። አንገቷን ደፍታ፣ እንደ ባዕድ ትልቅ ሰው እርስዎ ብላ ነው የምታናግራት። ዓባይነሽን ግን እማ ትላታለች፤ አንቺም ትላታለች። ሲሳይነሽ ማንንም አልወቀሰችም። እህቷ ልጇን ስታሳድግላት እርሷ በሰው አገር የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራለች።

ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፈተች። ያምሮትም ትምህርቷን ከተማ እንድትማር ተብሎ ከናቷ ጋር መኖር ጀመረች። ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ወሬ ግን የላቸውም። እናት ከጠየቀች ልጅ ትመልሳለች። ካልጠየቀች ቃል አይወጣትም።

ይህን የለወጠው ዓሣ ነው። ሲሳይነሽ ጅዳ የሠራችበት ቤት ሳሎን ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የመስተዋት ገንዳ ነበር፤ በውስጡ የባሕር ዓሣ ይዋኝበታል። መስተዋቱን የምትወለውለውም፣ ዓሣዎቹን የምታበላውም እርሷ ነበረች። በዚያ ቤት ከሠራችው ሥራ ሁሉ ደስ እያላት የሠራችው እርሱን ብቻ ነው። ፀጉር ቤቱ ደንበኛ ሲያገኝላት እርሷም ትንሽ ገንዳ አሠራች። ተራ ጨው ስለማይሆን የባሕር ውሃ መሥሪያውን ጨው ከጅዳ በሚመለሱ ሴቶች ሻንጣ አስመጣች። ሁለት ብርቱካንማ፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ የሚመስሉ ዓሣዎችም ውሃ በተሞላ ላስቲክ ታሽገው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡላት።

ያምሮት መጀመሪያ ከሩቅ ታይ ነበር። ቆይታ ማብላት ጀመረች፤ ኋላም ውሃ መቀየሩንና ጨው መለካቱን ለመደች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ገብታ ምግብ ስታቀርብ አንደኛው ዓሣ ከጣቷ ላይ በላላት። ዞር ብላ፣ «እማ፣ ነይ፣ ነይ እይው» አለች።

ሲሳይነሽ የደንበኛ ፀጉር እየሠራች ነበር። እጇ ቆመ። ልጅቷ ግን ምን ብላ እንደጠራቻት ልብ ያለችም አትመስል፤ ዓይኗ ዓሣው ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስለ ዓሣ ያወሩ ጀመር። ያምሮት ኔትወርክ ባገኘች ቁጥር ስልኳ ላይ የባሕር ዓሣ ያላቸውን ሰዎች ቪዲዮ ታያለች። አንድ ምሽት አልትራቫዮሌት ስለሚባል መብራት ነገረቻት። ፓምፑ ውሃውን ስቦ በአንድ ቱቦ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ቱቦው ውስጥ ያለው መብራት ከውሃው ጋር የሚያልፈውን የበሽታ ተሐዋስ ይገድላል። መብራቱ ካለ ዓሣ አይታመምም ይላሉ አለች።

ሲሳይነሽ መብራቱን ታውቀዋለች። ጅዳም ነበረ። ውሃውን ጥርት ያደርገዋል፤ በሽታም ቢሆን ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ያግዛል። ነገር ግን ገንዳውን የሚያየው ባለሙያ በመብራቱ ብቻ ተማምኖ አያውቅም ነበር። አዲስ ዓሣ ሲያመጣ በሌላ ዕቃ ለብቻው ለሳምንታት ያቆየዋል። ዓሣው ገላ ላይ የተጣበቀውንና አሸዋው ውስጥ የተኛውን ተሐዋስ መብራቱ አያገኘውምና። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር እርሱም ይጠፋል። ይህን ሁሉ ለልጇ አስረዳቻት። ያምሮት ሰምታ ዝም አለች። እናትን ያ የድሮው ዝምታ አስፈራት። በማግስቱ ስልክ ደውላ መብራቱን አዘዘች።

ከመብራቱ ጋር አንድ ጅራቱ ቢጫ የሆነ ሰማያዊ ዓሣም መጣ። ሲሳይነሽ ባልዲ አዘጋጅታ ጠበቀች።

«ለብቻው እናቆየው» አለች።

«መብራቱ ተገዝቶ የለም እንዴ?» አለች ያምሮት። «ብቻውን ይጨንቀዋል፣ እማ።»

ሲሳይነሽ ባልዲውን ወደ ጓዳ መለሰችው።

ብዙም ሳይቆይ በሰማያዊው ዓሣ ክንፍ ላይ የጨው ፍንጣሪ የሚመስሉ ነጭ ነጠብጣቦች ታዩ። ቀጥሎ ብርቱካንማዎቹም ነጠብጣብ አወጡ፤ ገላቸውን ከድንጋይ ጋር ያሹ ጀመር። መብራቱ ቀንም ሌትም ይበራል፤ ውሃው እንደ መስተዋት ጠርቷል፤ ዓሣዎቹ ግን ትንፋሽ እያጠራቸው ነው። ሲሳይነሽ ወደ አዲስ አበባ መድኃኒት ፍለጋ ደወለች። መድኃኒቱ ተገኘ፤ መንገዱ ግን በዚያ ሳምንት ተዘግቶ አውቶቡስ አልነበረም። ቆየት ብሎ ኤሌክትሪኩም ጠፋ። ተራ በተራ ሞቱ። ያምሮት የመጨረሻውን በእጇ አውጥታ ከጓሮ ቀበረችው።

በሳምንቱ፣ «ከፈቀዱልኝ ሽንዲ ተመልሼ ልማር» አለች። ሲሳይነሽ ፈቀደችላት።

ገንዳውን ብቻዋን አጎደለችው። ጨዋማ ውሃ ተክል ስለሚያደርቅ ጓሮ አልደፋችውም፤ በባልዲ እየቀዳች መንገድ ዳር ካለው ቦይ አፈሰሰችው። ደንበኞቿ ዓሣዎቹ የት ሄዱ ሲሏት ሞቱ ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

ቡሬ እንግዳ ማረፊያ ያለው አለማየሁ የሚባል ሰው ወሬውን ሰምቶ ገንዳውንም መብራቱንም ልግዛ አለ። ይዛለት ሄደች። መብራቱ ይጠቅማል ወይ ብሎ ሲጠይቃት አልዋሸችውም።

«ውሃ ያጠራልዎታል። የታመመ ዓሣ ግን አያድንልዎትም። አዲስ ዓሣ ሲያመጡ መጀመሪያ ለብቻው ያቆዩት። ይህን ካደረጉ መብራቱ ባይኖርም ይቻላል፤ ይህን ካላደረጉ ቢኖርም ዋጋ የለው።»

እቃውን አስረክባ ስትወጣ የሽንዲ ሚኒባስ ረዳት ይጣራል። ገባች።

እህቷ ቤት እንደ ክብር እንግዳ ተቀበሏት። ያምሮት እጇን አስታጠበቻት፤ አልጋዋን ለቅቃላት መሬት ተኛች። ጠዋት ቦርሳዋን ተሸክማ እስከ መኪና መቆሚያው ሸኘቻት። እዚያ ሲደርሱ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ተናገረች።

«መብራቱን እኔ ባልጠይቅዎ ኖሮ ይተርፉ ነበር?»

«መብራቱ አልገደላቸውም» አለች ሲሳይነሽ። «ለብቻው መቆየት እንዳለበት ዐውቅ ነበር። እንዳትከፊብኝ ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ።»

ሲሳይነሽ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ያምሮት ቦርሳውን በመስኮት አቀበለቻት፤ የእናቷ ነጠላ በር ላይ ተይዞ ስታየው ስባ አስገባችላት። ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ወዲያው ተነሣ። ሲሳይነሽ እስከ ቡሬ ድረስ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ «ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?» እያሏት እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ሄደች።