ዳንቴሉና የፋኑ ጩኸት

ባለቤቴ በታመመችበት ዓመት የልጃችን ኮምፒውተር ይጮኽ ነበር። ልጃችን ቂሊንጦ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ ሲመለስ ጌም ይከፍታል። ጌሙ ሲከብድ ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ እሱን የሚያቀዘቅዘው ፋንም እንደ ወፍጮ ያጓራል። የእሱን ክፍልና የእሷን አልጋ የሚለየው አንድ የችፑድ ግድግዳ ነው።

ጌም የሥራ ፈት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም። "አጥፋው፣ እናትህ ትረፍ" ስለው ያጠፋል። እሷ ግን "ተወው፣ ደክሞት ነው የመጣው" ትለኛለች። ለእሱ ብላ የምትችለው መሰለኝ።

እኔ ዕድሜዬን አቃቂ ውስጥ የጭነት መኪና ሞተር ስፈታ የኖርሁ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። የሚግል ነገር ሁሉ አንድ ነው ብዬ፣ ልጄ ሥራ በሄደበት፣ ስልኬ ላይ እያነበብሁ ኮምፒውተሩ ላይ የፋኑን ማስተካከያ ከፈትሁ። ሙቀቱ ሲጨምር ፋኑ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚያሳይ መስመር አለ። ወደ ታች ጎትቼ ተውሁት። ልጄ ተመልሶ ሲጫወት ኮምፒውተሩ መሃል ላይ ድርግም ብሎ ጠፋ።

"አባባ፣ ነካክተውታል እንዴ?"

"ድምፁን ነው የቀነስሁት።"

"እሱ እኮ የሚጮኸው ሲታፈን ነው። አየር አያገኝም።"

"ለምን አያገኝም?"

 በዓይኑ ኮምፒውተሩ የለበሰውን ዳንቴል አሳየኝ።

ባለቤቴ ዕቃ ራቁቱን ሲቆም አትወድም። ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም እሷ የሠራችውን ዳንቴል ለብሰዋል። የኮምፒውተሩን የሠራችው ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ነው፤ ከመንገዱ አቧራ እንዲጠብቀው ብላ ከላይ እስከ ታች አለበሰችው። ከዚያ ወዲህ ጣቶቿ ኪሮሽ መያዝ አልቻሉም።

"ታዲያ አትናገርም?"

"ምን ብዬ? የሠራሽው አፈነው ልበላት?"

ሥራ ፈት የምለው ይህን ልጅ ነበር።

እኔው ነገርኋት። ሳቀች። "ሞተር አዋቂ ነኝ ትል የለ? የታፈነ ነገር መለየት አቃተህ?" ዳንቴሉን ተቀብላ አጠፈችና ትራሷ ሥር አደረገችው። መስመሩን በልኩ አስተካከልሁ፤ ፋኑ በግድግዳው ማዶ አልሰማ አለ። እኔም ኮራሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ "ልጁ ወጣ እንዴ?" አለችኝ።

"አለ፣ እየተጫወተ ነው።"

"ጭጭ ሲል የወጣ መሰለኝ። ያ ነገር ሲጮኽ ቤት እንዳለ አውቅ ነበር። እንቅልፍም የሚወስደኝ ያኔ ነው።"

ለታመመ ሰው እናስባለን እንላለን፤ የሚሻውን ግን እኛው በልካችን እንቆርጥለታለን። የታመመ ጠይቁ እያልሁ ሰው ስመክር የኖርሁት እኔ፣ እሷን አልጠየቅኋትም።

መስመሩን ወደ ላይ መለስሁት፤ ሳይግልም እንዲያጓራ አደረግሁት። እስክታርፍ ድረስ በዚያ ድምፅ ተኛች።

የሐዘኑ ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ልጄ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ጩኸቱ ቤቱን ሞላው። ደንግጦ በሩ ላይ መጣ።

"አባባ፣ አሁን ልቀንሰው?"

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

"ተወው" አልሁት።