የጓሮው ጋዝ

ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ቤት ሲውል ወይ ሚስቱን ልንዳ ይላል ወይ ሥራ ይፈጥራል። የእኛው ሹፌር ሚስት የምትነዳ ዓይነት አልነበረችምና ጓሮውን መቆፈር ጀመረ። ጉድጓዱን በሲሚንቶ ለስኖ እበትና የወጥ ቤት ትራፊ ከተተበት፤ አየር እንዳይገባውም ግጥም አድርጎ ከደነው። ከእበቱ ጋር የገቡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ያንን እየበሉ ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙም በቧንቧ ወደ ምድጃው ይሄዳል። እሱ "ሠራተኞቼ" ነው የሚላቸው።

ሚስቱ ደግሞ ቆሻሻ ገና ስሟን ሲሰማ የሚሸሻት ሴት ናት። ጭቅጭቁ ሲበዛ ተስማሙ፦ እሑድ እናቷ ለምሳ ሲመጡ በዚሁ ጋዝ ይበሰላል፤ እሳቱ ካዋረዳቸው ጉድጓዱ ይደፈናል። ሹፌሩ ባፉ ቢፎክርም ሆዱ ፈርቷል። መሪ ከለቀቀ ወዲህ "ጎበዝ" የተባለው በዚህ ጉድጓድ ብቻ ነበር።

እሑድ ድስቱ ተጣደ። እሳቱ ቦግ አለ፣ ተርገበገበ፣ ድርግም አለ።

"ልጄ፣ ሠራተኞችህ እሑድ አይገቡም እንዴ?" አሉ አማቱ።

ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ውኃ አሳንሼ ይሆን? ልጣጭ አብዝቼ? እያለ ራሱን ሲወቅስ ሚስቱ ከኋላው መጣች።

"ሐሙስ ዕለት... ሽታው እናቴ ፊት እንዳያሳፍረን ብዬ... ክዳኑን ከፍቼ በረኪና ደፋሁበት።"

"ምን ያህል?"

"ጀሪካኑን።"

"ሙሉውን?"

"ላጥበው ብዬ ነዋ!"

"ሴትዮ፣ ፈጀሻቸው እኮ!"

"ማን ሞተ?" አሉ አማቱ በመስኮት ብቅ ብለው።

ሹፌሩ ቃል ቃል ነው ብሎ አካፋውን አነሳ፤ እንባው ግን ዓይኑ ላይ ደርሷል። ሚስቱ አየችው። የግቢውን በር ከፍታ ወጣች።

ጥቂት ቆይታ ከጎረቤት ወተት ሻጭ ዘንድ ተመለሰች። በልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ሙሉ ትኩስ እበት፣ ከክት ቀሚሷ ጋር አስጠግታ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቅንታ ተሸክማለች።

"ምን ታፈጣለህ? የጨረስኳቸው እኔ፣ የምተካቸውም እኔ። ክፈተው እንጂ፣ ክንዴ ሊገነጠል ነው!"

"መጀመሪያ... በረኪና የነካው ሁሉ ተቀድቶ መውጣት አለበት" አለ ሹፌሩ፣ ፈራ ተባ እያለ።

ሳፋውን አስቀመጠች። ጉድጓዱን አየችው፤ ባሏን አየችው። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች።

"ባልዲ አምጣ።"