ዝናብ ያገኘው ድር

የረጠበ ጥጥ ሽታ ዛሬም ድንገት ያስቆመኛል። ትናንት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ አንድ ነጋዴ ካፊያ የመታውን ክር ወደ ሱቁ ሲያስገባ አጠገቡ ቆሜ ቀረሁ። ሐሳቤ ወዳደግኩባት ጨንቻ ሄዶ ነበር።

ጎረቤታችን የነበረ ሸማኔ በድንበር ጠብ ታላቅ ወንድሜን በዱላ መትቶ ገደለው። እስሩን ጨርሶ ከአርባ ምንጭ የተመለሰው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው፤ እኔ ዐሥራ ሰባት ሞልቶኝ ነበር። ሽማግሌዎች ለእርቅ ልመና እርጥብ ሣር ይዘው እናቴ ፊት ተንበረከኩ። በሳምንቱ እሑድ እናቴ ቸርች ውስጥ ተነሥታ፣ «ጌታ እኔን ይቅር ብሎኛል፤ እኔም ይቅር ብየዋለሁ» አለች። ምእመኑ ሃሌ ሉያ አለ። እኔ አላመንኳትም።

ከዚያም በኋላ በሰውየው ደጅ ላለማለፍ ስትል ምንጭ የምትወርደው በላይኛው መንገድ ዞራ ነበር። አብራት ጥጥ የምትፈትል ጎረቤት፣ «አንቺ፣ ይቅርታሽ ከቸርች በር አይወጣም እንዴ?» ብላ ስትተርባት፣ እናቴ እንዝርቷን አሾረች።

አንድ ከሰዓት ሰውየው በደጁ ችካል ተክሎ ለሽመና የሚሆነውን ክር እየዘረጋ ድር ሲያደራ፣ ከአባያ ሐይቅ በኩል የመጣ ዝናብ ደረሰበት። የተዘረጋ ድር በአንድ ሰው አይነሣም። አንዱ ጫፉን ወጥሮ ካልያዘ፣ ሌላው ሲጠቀልል ክሩ ተጠላልፎ የስንት ቀን ሥራ ይበላሻል። ሚስቱ ገበያ ነበረች። በቅርብ ያለው የእኛ ቤት ብቻ ስለሆነ ሰው አልጠራም፤ አንዱን ጫፍ ይዞ ቆመ።

እናቴ ነጠላዋን አገልድማ ወጣች። ሌላውን ጫፍ ያዘች።

«ላልቷል፣ እማማ» አለ ሰውየው።

«አንተ ጠቅልል። መሳቡን ለኔ ተወው።»

ክሩ እያጠረ ሲሄድ ተቀራረቡ። አንድ ክንድ ሲቀራቸው ጫፉን እጁ ላይ ስታኖር ከደጃፋችን ሆኜ አየሁ።

እሳት ዳር ልብሷን ስታደርቅ፣ «ቸርች ያልሽው እውነት ነበር?» አልኳት።

«ያን ቀን አልነበረም። ጌታ እውነት እንዲያደርግልኝ ነበር የምለምነው።»

«ዛሬስ?»

«ወንድምህን የመታበትን እጅ አየሁት። በርዶት ነበር» አለች።

ይህን ስትል የነበራትን ፊት፣ ካለፈች ወዲህም ቢሆን አልረሳሁትም። ከዚያ ፍም በገል ጫረችና ዘረጋችልኝ።

«እሳቱ ጠፍቶበት ይሆናል። ውሰድለት።»

ለአፍታ አልተቀበልኳትም። እሷም እጇን አልመለሰችም። ተቀብያት ወጣሁ፤ ፍሙን በጋቢዬ ጋርጄ፣ እንዳይጠፋብኝ እየተጠነቀቅኩ፣ በዝናቡ ውስጥ ቀስ ብዬ ሄድኩ።